ሐኪሙ እጁን የታጠበበት ፊልም

ስለ ንጽሕና በሚነገርበት በዚህ ጽሑፍ ላይ የሲኒማን ነገር ማንሣት ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን ስለ እጅ መታጠብ ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍትና በግድግዳ ላይ ከተለጠፉት ብዙ ማስታወቂያዎች ይልቅ በጸሐፊው ልቡና ተቀርጾ የቀረው አንድ አሮጌ ፊልም ስለ ሆነ፥ ስለ እርሱ ጥቂት ለመናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። ፊልሙ «የሉዊ ፓስተር ታሪክ» ይባላል። በአሜሪካ አገር በዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ ተሠርቶ በ1936 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ቀለሙም ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ያየሁት ለትምህርት በውጭ አገር በነበርሁበት ጊዜ፥ በረዶ በሚጥልበት በአንድ ምሽት ነው። ስለ ተላላፊ በሽታዎች የሚያስተምሩን ሽማግሌ መምህር ያን ቀን ማስታወሻቸውን ሳይገልጡ መብራቱን አስጠፉና ፊልሙን አሳዩን። እኛ ተማሪዎቹ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከትምህርት በማረፋችን ብቻ ነበር ደስ ያለን።

ፊልሙ የሚጀምረው በግድያ ነው። ዘመኑ 1860 ዓ.ም.፥ ቦታው ፓሪስ ነው። አንድ ሐኪም በአንድ ሰው እጅ ይገደላል። ገዳዩ ግን ወንበዴ አይደለም፤ ሚስቱ ወልዳ በአራስ ትኩሳት የሞተችበት ባል ነው። ሐኪሙ እጁን ሳይታጠብ፥ መሣሪያውንም ሳይቀቅል ሚስቴን ለሞት ዳረጋት ብሎ ነው የተነሣበት። ይህንም ነገር ያወቀው ሉዊ ፓስተር የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ አሳትሞ ከበተነው አንድ ትንሽ ጽሑፍ ነው። እንግዲህ የንጽሕና ጽሑፍ እያዘጋጀን ለሕዝብ ለምናድል ለእኛ ለመሰሉ ሰዎች ይህ ጥቂት የሚያስደነግጥ ጅማሬ መሆኑን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ነገሩ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ሣልሳዊ ናፖሌዎን ድረስ ይደርሳል፤ በዚያም ዶክተር ሻርቦኔ የሚባለው ታላቅ ሐኪም፥ በዓይን የማይታይ ፍጡር ሰው ይገድላል መባሉን እያፌዘበት ፓስተርን መሳቂያ ያደርገዋል።

ፓስተርን ሆኖ የሚጫወተው ፖል ሙኒ ነው። ይህ ተዋናይ በዚያን ጊዜ በአውስትሪያና በሀንጋሪ መንግሥት ሥር በነበረችው፥ ዛሬ በኡክራይን ባለችው በለምበርግ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን፥ ያደገው በይዲሽ ቋንቋ በሚጫወቱ የቲያትር ሰዎች መካከል ነው። ለዚህ ሥራው የአካዳሚ ሽልማት ተቀበለ፤ ጽሑፉን ያዘጋጁት ሁለት ደራሲዎችም ሁለት ሽልማቶች ወሰዱ። ፊልሙን የመራው ጀርመን የተወለደው ዊልያም ዲተርለ ነው። ሙኒ ፓስተርን እንደ ቅዱስ አድርጎ አላቀረበውም፤ ቁጡ፥ ግትር፥ ነገር የማይረሳ፥ ሲከራከር የሰው ክብር የማይጠብቅ አድርጎ ነው ያሳየው። የፓስተርን የሕይወት ታሪክ ያነበበ ሰው ይህ ከእውነቱ እንደማይርቅ ይመሰክራል።

ለገበሬያችን ከሁሉ ይልቅ የሚገባው የፊልሙ ክፍል የበጎቹ ታሪክ ነው። አባ ሰንጋ የከብትና የበግ ፀር መሆኑን የእኛ ሰው ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ፓስተር የዚህን በሽታ ተሐዋሲ በብልሃት አድክሞ፥ የደከመውን ለጤነኛ በግ በመርፌ ቢሰጡት፥ በጉ ኋላ የሚመጣውን ብርቱ በሽታ የሚቋቋምበት ኃይል ያገኛል አለ። ያላመኑት ሰዎች በአደባባይ እንዲያስመሰክር ጠየቁት። በሜይ ወር 1881 ዓ.ም. ፑዬ ለ ፎር በተባለ መንደር 50 ያህል በጎች ቀረቡ፤ እኩሌቶቹ ሁለት ጊዜ ተከተቡ፥ እኩሌቶቹ እንዲሁ ተተዉ። ሜይ 31 ቀን ለሁሉም ያልደከመው ተሐዋሲ ተሰጣቸው። ጁን 2 ቀን ሕዝብ ተሰብስቦ ሲመለከት ካልተከተቡት የሚበዙት ሞተው ተጋድመዋል፥ የቀሩትም በማጣጣር ላይ ናቸው፤ የተከተቡት ግን በእግራቸው ቆመዋል። ይህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ፊልሙ የማይነግረን ግን የዚያን ቀኑ ክትባት ፓስተር ሰዎች እንዲያስቡት እንደ ተወው በአየር የደከመ ሳይሆን፥ ረዳቱ ሻርል ሻምበርላን በኬሚካል ያደከመው እንደ ነበረ ነው፤ ይህም የታወቀው ብዙ ዘመን ቆይቶ የላቦራቶሪ ማስታወሻዎቹ ሲመረመሩ ነው። ታላላቅ ሰዎችም የሥራ ባልደረባቸውን ድርሻ መሸፈን አይሳናቸውም።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ያለው ክፍልም በእውነት ላይ የተመሠረተ ነው። በጁላይ ወር 1885 ዓ.ም. ዦዜፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሶ፥ ከአልዛስ አገር በእናቱ ተይዞ ወደ ፓስተር መጣ። ፓስተር በበሽታው ከሞተ ጥንቸል የጀርባ ሕብለ ሰረሰር አውጥቶ በደረቅ አየር እየሰቀለ መርዙን ያደክመው ነበር። ልጁ በመጀመሪያ ከሁሉ የደከመውን፥ ቀጥሎ እየበረታ የሚሄደውን፥ በጠቅላላው 13 ጊዜ ተወጋ። ፓስተር ሐኪም ስላልነበረ መርፌውን የሚወጋው ዶክተር ግራንሼ ነበር። ልጁ ዳነ። በማርች 1886 ዓ.ም. ደግሞ ከሩሲያ፥ ከስሞሌንስክ አውራጃ፥ በእብድ ተኩላ የተነከሱ 19 ገበሬዎች ፓሪስ ገቡ፤ ከእነርሱም 16ቱ በሕይወት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፊልሙ ይህን አይናገርምና እኔ ልናገር፤ በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ወደ ክትባቱ ከመሄዱ አስቀድሞ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ አለበት። የበሽታው ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወደ አስጀመረኝ ነገር ልምጣ። በፊልሙ ውስጥ የፓስተር ልጅ አኔት ምጥ ይይዛታል። ፓስተር በሌሊት ሐኪም ፍለጋ ይወጣል፤ የሚያገኘው ግን ያንኑ ጠላቱን ሻርቦኔን ብቻ ነው። ሻርቦኔ ለማዋለድ ይስማማል። ፓስተርም እጁን እንዲታጠብና መሣሪያውን እንዲቀቅል ይለምነዋል። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ ዋጋ ይጠይቃል፤ እታጠባለሁ፥ አንተ ግን ስለ እብድ ውሻ በሽታ የተናገርኸውን ሁሉ እንደምትሽር በወረቀት ላይ ፈርምልኝ ይለዋል። ፓስተር የሕይወቱን ሥራ የሚያጠፋውን ወረቀት ይፈርማል። ሻርቦኔም ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነውና እጁን ይታጠባል። ሕፃኑ በደኅና ይወለዳል፤ እናቲቱም ትድናለች።

ይህ ሁሉ ልብ ወለድ ነው። ሻርቦኔ የሚባል ሐኪም በዓለም አልነበረም። የፓስተር አማች ሐኪም ሳይሆን ጸሐፊ ነበር። ፓስተርም በ1860 ዓ.ም. ስለ መፍላት እንጂ ስለ አራሶች ገና አልተነሣም ነበር። በአንጻሩ ፊልሙ በእርግጥ የደረሰበትን ኀዘን ትቶታል። ፓስተር ከአምስት ልጆቹ ሦስቱን ሴቶች ልጆች ቀብሯል፤ ዣንን በ1859፥ ካሚይን በ1865፥ ሴሲልን በ1866 ዓ.ም.። ዣንና ሴሲልን የገደላቸው ታይፎይድ ነው፤ ይኸውም በቆሸሸ ውሃና ምግብ የሚመጣ በሽታ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ያልሆነ ምጥ ከመፍጠር ይልቅ የሆነውን ሞት ቢያሳዩን ኖሮ የተሻለ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚህም የሚበልጥ ቅሬታ አለኝ። ሐኪሞች እጃቸውን እንዲታጠቡ ለምኖ የተዋረደው ሰው ፓስተር አይደለም፤ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል የሀንጋሪ ተወላጅ ነው። በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ በአንደኛው ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው፥ በሁለተኛው አዋላጅ ሴቶች ይሠሩ ነበር። በሐኪሞቹ ክፍል የሚሞቱት እናቶች ብዛት ከአዋላጆቹ ክፍል በጣም ስለሚበልጥ፥ ምጥ የያዛቸው ሴቶች ወደ ሐኪሞቹ ክፍል እንዳያስገቧቸው እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። በ1847 ዓ.ም. የዜመልቫይስ ወዳጅ የሆነ አንድ ሐኪም ሬሳ ሲመረመር በቢላዋ ጣቱን ተቆርጦ ሞተ፤ የሞተበትም ሕመም አራሶቹን የሚገድለውን መሰለ። ዜመልቫይስም በዚህ ጊዜ ነገሩ ተገለጠለት። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ሬሳ ከሚመረመርበት ክፍል ተነሥተው በቀጥታ ወደ ወላዶቹ ይሄዱ ነበር። ወዲያው ሁሉም በክሎሪን ኖራ ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በ1846 ዓ.ም. በዚያ ክፍል ከ100 እናቶች 11 ያህል ይሞቱ ነበር፤ በ1848 ዓ.ም. ግን ከ100 አንዲት ጥቂት ፈቀቅ ብትል ነው። ይህን ያህል ማስረጃ ይዞ እንኳ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። በ1865 ዓ.ም. የአእምሮ ሕሙማን በሚጠበቁበት ቤት ውስጥ በ47 ዓመቱ ሞተ። ፊልሙ ስሙን አላነሣውም፤ መከራውን ብቻ ወስዶ ለፓስተር ሰጠው።

ለምን እንቢ አሉ? ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ድንቁርና ነው ብዬ ሳቅሁባቸው። ዛሬ እንደዚያ አላስብም። መታጠብን መቀበል ማለት እስከ ትናንት ድረስ የሞቱትን በእጄ ገድያለሁ ብሎ ማመን ማለት ነበር። ሐኪም ደግሞ ከድካሙ ሁሉ የሚጽናናው እጄ አዳኝ ነው በሚለው አሳብ ነው።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ አይደለም። ከውጭ አገር ተመልሼ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ በሠራሁበት በመጀመሪያው ዓመት፥ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የአንድ ገበሬ እግር ላይ የወጣ እባጭ ሰንጥቄ መግሉን በማፍሰስ ላይ ሳለሁ፥ ምጥ የጸናባት ሴት በቃሬዛ መጣች። ቸኩዬ ተነሣሁ። የወላዷ እናት የሆኑ አሮጊት በበሩ አጠገብ ማንቆርቆሪያ ይዘው ቆመው ነበር። «ልጄ፥ ውሃ ላፍስስልህ?» አሉኝ፤ ለማዕድ የቀረበን እንግዳ እንደሚያስታጥቡ ሆነው። እኔ ግን ያ ልማድ ከሐኪም ሥራ ጋር ምን አለው ብዬ፥ ደግሞም በሠራተኞቼ ፊት በአንዲት ባልቴት መመከሬ ቅር አሰኝቶኝ፥ «ጊዜ የለም፥ እማማ፤ ጓንት አለኝ» አልኋቸውና አልፌ ገባሁ። ጓንቱን ያወጣሁትና ያጠለቅሁት በዚያው መግል በነካው እጄ ነው።

ሕፃኑ በሰላም ተወለደ። በሦስተኛው ቀን እናቲቱን ትኩሳት ያዛት። ወደ ሆስፒታል ልከናት ብዙ ቀን በመድኃኒት ቆይታ ዳነች። ከእጄ ይሁን ከሌላ ማረጋገጥ አልችልም፤ ማረጋገጥ አለመቻሌንም ለብዙ ጊዜ እንደ መጠለያ ተጠቀምሁበት። አሮጊቲቱ ልጃቸውን ይዘው ሲመለሱ ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ። ስለ ውሃው ምንም አላሉም። ያን ምሽት ያ በረዷማ አዳር ትዝ አለኝ፤ ሻርቦኔ ቢያንስ ታጥቧል አልሁ በልቤ።

በእርግጠኛው ታሪክ ፓስተር ስለ አራሶች የሠራው ሥራ በ1879 ዓ.ም. የሆነው ነው፤ ፊልም ሠሪዎቹ ለምን እንደ ተዉት አይገባኝም። በማርች ወር በፓሪስ የሕክምና አካዳሚ አንድ የታወቀ ሐኪም ስለ አራስ ትኩሳት መንሥኤ እየተናገረ ሳለ፥ ፓስተር ከመቀመጫው ንግግሩን አቋረጠው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በያዘው የአንጎል ምት ምክንያት ግራ ጎኑ ደካማ ነበረና እያነከሰ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄደ፤ በጠመኔም እንደ መቁጠሪያ የተያያዙ ትናንሽ ክብ ነገሮች ሣለ። የሚገድለው ይህ ነው፥ ከታመመችው ሴት ወደ ጤነኛዋ የሚያሸጋግሩትም ሐኪሞቹና ረዳቶቻቸው ናቸው አላቸው። ዛሬ ስትሬፕቶኮከስ የምንለው ተሐዋሲ ነው። ዜመልቫይስ ሞትን ቆጠረ እንጂ ገዳዩን ለማሳየት አልቻለም ነበር፤ ፓስተር ግን መልኩን በሰሌዳ ላይ አኖረላቸው። በብሪታንያ ደግሞ ጆሴፍ ሊስተር የፓስተርን ጽሑፍ አንብቦ ከ1865 ዓ.ም. ጀምሮ ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማከም ይዞ ነበር። ሊስተር በፊልሙ ውስጥ አለ፤ በመጨረሻም ፓስተርን በአደባባይ ያከብረዋል። በ1892 ዓ.ም. ፓስተር 70 ዓመት ሲሞላው በሶርቦን በእርግጥ እንደዚህ ተደርጓል፤ ልዩነቱ ሙኒ ንግግሩን በራሱ አንደበት ሲያሰማ፥ እውነተኛው ፓስተር ግን ድምፁ ደክሞ ስለ ነበረ ልጁ አነበበለት።

ባለፈው ዓመት በምሠራበት ወረዳ ለአዋላጆችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በተሰጠ ሥልጠና፥ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ዘርግተን ይህንኑ ፊልም አሳየናቸው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለ ሆነ እኔ ቆሜ እየተረጎምሁ ነበር። ገና ሲጀመር አንዲት ወጣት እጇን አንሥታ፥ «ፓስተር ሲባል ሰባኪ ነው?» ብላ ጠየቀች። ከሣቁት መካከል አዲስ አበባን የሚያውቁት፥ የታክሲ ረዳቶች «ፓስተር! ፓስተር!» እያሉ የሚጠሩት ሠፈር ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው መሆኑን አያውቁም ነበር። በጉለሌ በስሙ የተጠራ የፓስተር ኢንስቲትዩት ነበረና፥ ሥራው በኋላ ወደ ዛሬው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተላልፎ፥ ስሙ በሠፈሩ ላይ ቀረ። ይህን ስነግራቸው ፊልሙ ጥቂት አመለጠን።

የበጎቹን ነገር በደስታ ተመለከቱ። ምጡ ሲመጣ ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። ሻርቦኔ ወረቀቱን ባቀረበ ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ፥ ብዙ ዓመት ያዋለዱ አንዲት ሲስተር፥ «ቆይ እስቲ፥ ዶክተር» አሉኝ። «ይኸ ሰው እጁን ለመታጠብ ዋጋ ጠየቀ ማለት ነው?»

«አዎን፥ ሲስተር።»

«እኛ እንኳ ዋጋ አልጠየቅንም። የጠየቅነው ውሃ ነው።»

ሁሉም ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ነገር ግን ወዴት እንደሚያመሩ አውቄ ነበር። በእርሳቸው ጤና ጣቢያ የማዋለጃው ክፍል ቧንቧ ውሃ የሚሰጠው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ቧንቧው እስኪጠገን ቧምቧ የተገጠመላቸው አራት ጀሪካኖችና ሳሙና እንዲሰጣቸው በደብዳቤ ከጠየቁ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ደብዳቤው የተጻፈው ለእኔ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱ በራ፤ ሰዎቹ ለሻይ ወጡ። እኔ ወደ ቢሮዬ ሄድሁ፤ ሲስተርም ሳልጠራቸው ተከተሉኝ። ደብዳቤውን ከሌሎች ወረቀቶች ሥር አገኘሁትና፥ ይፈጸም ብዬ ቀኑን ጽፌ ፈረምሁበት።

ሲስተር ወረቀቱን ተቀብለው በመነጽራቸው አዩት፤ መልሰውም ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ማኅተም ይቀረዋል፥ ዶክተር» አሉኝ።

መሳቢያውን ከፈትሁ።